ወንዝ የተባለው ወንዝ

ሞርወና ሥራዋ መቃብር መቆፈር፣
በማንኪያ፣ በብሩሽ፣ አፈር ለይቶ ከአፈር።
ትናንት ከጉድጓዱ አንድ ሰው አወጣች፣
የቀበቶ ዘለበት፣ ቢላዋ ቆጠረች፣
ጥርሱን አየችና «አርባ ዓመቱ» አለች።
«ቋንቋውስ?» አልኳት።
ጭቃዋን ከግንባሯ በክንዷ ጠርጋ ሳቀች፤
«አጥንት ምላስ የለው» ብላ መለሰች።

የኔ ሥራ ወረቀት፣ ካርታና አጉሊ መነጽር፣
ብሪስቶል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ዝናብ ከሚመታው መስኮት ሥር።
ሙት አላወጣም እኔ፣ ስም ነው የምቆፍረው፤
«ስም ከመቃብር በላይ» ይሉ የለ? ያንን ነው።
ከታች የሚያልፈው ውሃ፣ ጭቃ የመሰለው፣
ኤቨን ነው የሚባለው።

እንዲህ ይመስለኛል። (ማን አይቶት? እኔው ነኝ ያሰብኩት፤
ሮማ ወታደሯን ጠርታ ከሄደች ሁለት ትውልድ አልፎት።)
የድንጋዩ መንገድ ሣር አብቅሎ፣ ከተማው ጣሪያ አጥቶ፣
ቲዳ የሚሉት ሳክሰን ደረሰ በሬውን ነድቶ።
ሴኖቫራ ከውሃው ቆማለች እስከ ጉልበቷ፣
የዓሣ ወጥመድ ትጎትታለች፣ ርሷል መቀነቷ።
በጣቱ ጠቆመ፤ «ይኼ ማን ይባላል?» አላት
በማታውቀው ቋንቋ። እሷም ምንነቱን የጠየቃት መስሏት፣
ለሕፃን እንደሚነግሩት ድምጿን ከፍ አድርጋ፣
«አቮና» አለችው፣ ወደ ዳር ተጠግታ።
አቮና ማለት ወንዝ።
ቲዳ ራሱን ነቀነቀ፣ ቃሏን ጨመረው ከጓዝ።
ይኸው እስከ ዛሬ አለ፣ ወንዝ የተባለው ወንዝ።
ስምን መልአክ ያወጣል ይላሉ፤ እዚህስ መልአክ የለም፣
ሁለት ሰው ነው፣ አንድ በሬ፤ አንዱ ያንዱን ቃል አይሰማም።

«አረዷቸው» ይላል የድሮ ታሪክ፣ «ጠረጓቸው እስከ ባሕር።»
እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ታዲያ ማን ቀርቶ ነው የሚናገር?
ሬሳ ስም አያስተምርም። ስም ለመቀባበል ቢያንስ
አንድ ከሰዓት ያስፈልጋል፤ ሰይፍ ወደ አፎቱ ሲመለስ።

ጫካው ውስጥም እንዲሁ ነው፤ «ኬት» አሉት፣ ዱር ማለት ነው፤
እሱም የራሱን «ዱር» ደርቦ ቼትዎድ ብሎ ጠራው፤
ዱር-ዱር።
ፔንድል የሚሉት ተራራ ደግሞ ሦስቴ ኮረብታ ተብሏል፤
የኋለኛው የፊተኛውን ሳይሰማ ቃል በቃል ላይ ክቧል።
ኤክልስ በሚባሉት መንደሮች ቤተ ክርስቲያን የሚል ቃል ተርፏል፤
ግድግዳው የለም፣ ደወሉ የለም፣ ቃሉ ብቻውን ያስቀድሳል።

እዚህ ላይ መነጽሬን አወልቃለሁ። ዋልተን። ዎልኮት።
የእርሻ፣ የጎጆ ስም ናቸው። የማን? «የባዕዳን ቤት።»
(ሁሉም አይደሉም፤ ሌላ ፍቺ ያላቸው አሉ፣ ሞርወና አርማኛለች።)
ባዕድ የተባለችው ማን ናት? ሴኖቫራ ናት፤ እዚያው የተወለደች።
ልጇም ያያቱን ማሳ እያረሰ ባይተዋር ሆነ በደጁ፤
እርስ በርሳቸው ግን ሲጠራሩ «ያገር ልጅ» ነበር ወጉ።
ዌልሶች ዛሬም በቋንቋቸው ራሳቸውን እንዲያ ይላሉ፤
በእንግሊዝኛው ካርታ ላይ ግን «ባዕዳን» ተብለው አሉ።
አያቴ ኢድዋል ከዚያ ነው። ወደብ ላይ ስሙ አስቸገራቸውና
ኤዲ አሉት።
እሺ አለ። ኤዲ ተብሎ ተቀበረ።

ስም ግን መስቀልኛ ጥያቄ የማይቀበል ምስክር ነው፤
አንዲት አሻጋሪ ብቻ ተርፋም ይሆናል ወንዙን ያወረሰችው።
ስንት ሰው ቀረ? ስንት ሸሸ? ካርታዬ አይቆጥርልኝም፤
ይህን ብቻ ነው የማነበው፣ ሌላውን አልምልበትም፤
የጅረቱ ስም የሷ ነው፣ የመንደሩ ስም የሱ፤
ውሃውን ተዉላትና መሬቷን ወረሱ።

ሲመሽ ሞርወና ደወለች።
«የት ነህ?»
«ኤቨን ዳር» አልኳት፤
ሴኖቫራ ያለችውን፣ ቲዳ የሰማውን ደገምኩላት።
«እሱማ ረጅም ነው» አለች፣ «የቱ ጋ?»
ቀና ብዬ አየሁ፤ ዝናብ፣ ጀልባ፣ የመንገድ መብራት።
«እሺ፣ ድልድዩ ላይ ጠብቀኝ፤ ቦቲዬን ልጠብበት።»